ልብ በድንገት ሲቆም፦ አምቡላንስ እስኪደርስ ያሉት ወሳኝ ደቂቃዎች

ሙርዋይክ በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ፣ ከተለያዩ አገራት የመጡ በርካታ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር የአንድ ሰው ልብ በድንገት ቢቆም፣ ቀድሞ የሚደርስለት አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ቤተሰቡ ወይም ጎረቤቱ ነው። ድንገተኛ የልብ መቆም በብዛት የሚያጋጥመው በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነውና።

ልብ ደም መርጨቱን ሲያቆም አንጎል ኦክስጅን ያጣል። ያለ እርዳታ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

የስድስት ደቂቃ መርሕ

ዋና መሥሪያ ቤቱ በሄግ የሚገኘው የኔዘርላንድስ የልብ ድርጅት እርዳታው በ6 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት ይላል። ለዚህም «ሃርትስላኽ ኑ» የተባለ አገር አቀፍ የጥሪ ሥርዓት አለ። ወደ 112 ሲደወል፣ በአቅራቢያው ያሉ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። አንዳንዶቹ በቀጥታ ወደ ታማሚው፣ ሌሎቹ ኤኢዲ የተባለውን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ወደተሰቀለበት ቦታ ይሮጣሉ።

እርዳታው እንዴት ይሰጣል?

በመጀመሪያ የወደቀውን ሰው ትከሻ ነቅነቅ አድርጎ መጥራት ያስፈልጋል። ካልነቃ ወደ 112 ተደውሎ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ከተማው፣ የመንገዱ ስምና የቤት ቁጥሩ ይነገራል፤ ደች የማይችል ሰው በእንግሊዝኛ ማስረዳት ይችላል። ሌላ ሰው ካለ ወርዶ የሕንጻውን በር ከፍቶ ይጠብቅ።

ትንፋሽ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ይታያል። አልፎ አልፎ የሚሰማ የማጣጣር ድምፅ እንደ ትንፋሽ አይቆጠርም።

ትንፋሽ ከሌለ ሰውየው በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው ይንጋለላል። የአንድ እጅ መዳፍ ሥር በደረቱ መካከል፣ ሌላው እጅ በላዩ ይደረጋል። ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪሰረጉድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላም ወደ ቦታው እንዲመለስ ይለቀቃል። የሠለጠነ ሰው ከ30 ጫና በኋላ 2 ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ሳያቋርጥ መጫኑን ይቀጥላል።

ኤኢዲ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ በድምፅ ይመራል። የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ታማሚውን ማንም መንካት የለበትም።

ፍርሃትና ልማድ

ብዙዎች እንዳይጎዱት ፈርተው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ ነገር ግን የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፣ የቆመ ልብ ግን ጊዜ አይሰጥም። ውሃ መርጨትም ሆነ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ደቂቃዎችን ከማባከን በቀር የቆመ ልብ አያስነሳም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በውሃ ቦዮቿ በምትታወቀው አምስተርዳም የሰመጡ ሰዎችን የሚታደግ ማኅበር የተቋቋመው በ1767 ሲሆን፣ ተራውን ሕዝብ ስለ እርዳታ ያስተምር ነበር።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቁጥሩ እንደየአገሩ ቢለያይም፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ደረት መጫኑ የጎረቤት ድርሻ ነው።