ካርዱ የወፈረ ታካሚ



«እኚህ ሴትዮ ዛሬም መጡ?» ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ይህን በልቤ ብያለሁ። አንዲት እናት በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ «ራሴን ያቃጥለኛል» ይሉኛል። እኔም የታይፎይድ ምርመራ አዝዤ «ምንም የለብዎትም» ብዬ እሸኛቸዋለሁ። ልጃቸው ከሞተ ዓመት እንዳልሞላው የሰማሁት በስድስተኛው ምልልስ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ቤታቸው አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ለሕመም መመላለስ በጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ የመልካም አያሁን የዛር ቤት ለወራት አጥንቷል። በዛር ልማድ መንፈሱ ይለመናል እንጂ ጨርሶ አይወጣም፤ ስለዚህ ታማሚዋ ለዓመታት ትመላለሳለች። ዛር ያድናል እያልኩ አይደለም። ሆኖም እዚያ ቡና ተፈልቶ ጭንቀቷን ቁጭ ብሎ የሚሰማት ሰው ነበር።

በ1950ዎቹ ደግሞ ማይክል ባሊንት የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችን እየሰበሰበ ስለሚያስቸግሯቸው ታካሚዎች ያወያይ ነበር። በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪሙ ራሱ እንደ መድኃኒት እንደሚሠራ አስረዳ፤ እንደ መድኃኒትም ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። በአገራችንም በ1960ዎቹ ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር 200 ተመላላሽ ታካሚዎችን አጥንቷል። አካሌን አመመኝ ብለው ከመጡት መካከል የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ጥቂት አልነበሩም።

ይህ ማለት ግን ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ሐዘንና ድብርት ራስን በእውነት ያሳምማሉ፣ ሆድን በእውነት ይነፋሉ። ደጋግሞ ከሚመጣው ሰው መካከል ሳይታወቅ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ያለበትም ይኖራል።

ስለዚህ፦

• ከተቻለ አንድ ሐኪም ጋር ብቻ ይመላለሱ፤ የቀድሞ ውጤቶችንና መድኃኒቶችን በአንድ ፌስታል ይዘው ይምጡ።
• ሕመሙ ሲጀምር በቤት ውስጥ ምን እንደነበረ ይንገሩን፤ የሚፈሩትንም አይደብቁ።
• ልጅዎ ሆዴን እያለ ከተመላለሰ ስለ ትምህርት ቤቱም ይጠይቁት።
• ክብደት መቀነስ፣ ደም፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ፣ ትናንት ታይተው ቢሆንም ዛሬ ይመለሱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ መጠየቅ አለብን።

መልካም ጤና!