ከእኩል ተሸናፊዎች ማን ይቅደም? የአሜሪካ ፉትቦል የድራፍት ተራ ታሪክ

የአሜሪካ ብሔራዊ ፉትቦል ሊግ ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን በየዓመቱ ለቡድኖቹ የሚያከፋፍልበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። መሠረታዊ ደንቡ ባለፈው የውድድር ዘመን ብዙ የተሸነፈው ቡድን ቀድሞ፣ ሻምፒዮኑ ደግሞ ከሁሉም በኋላ እንዲመርጥ የሚያዝ ሲሆን፣ ምርጫውም ዙር በዙር ይቀጥላል። ችግር የሚፈጠረው ሁለት ወይም ሦስት ቡድኖች እኩል አሸንፈው እኩል የተሸነፉ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ከደካሞቹ ይበልጥ ደካማው ማን እንደሆነ የሚወስን መለያ መስፈርት የግድ ይላል። የዚህ መስፈርት ታሪክ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ ሊጉ ድክመትን በምን ሲለካ እንደኖረ፣ መለኪያው ሲያልቅበትም ወዴት እንደሚዞር ያሳያል።

ሥርዓቱን ያመነጨው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጎበዝ የኮሌጅ ተጫዋች ከፈቀደው ክለብ ጋር ይፈራረም ስለነበር፣ ገንዘብና ዝና ያላቸው ክለቦች ምርጡን ሲወስዱ የቤል ቡድን ግን ከሽንፈት ወደ ሽንፈት ይሄድ ነበር። ቤል በ1935 ሐሳቡን ሲያቀርብ የቺካጎ ቤርሱ ጆርጅ ሃላስና የኒው ዮርክ ጃየንትሱ ቲም ማራ ጥቅማቸው የሚነካ ቢሆንም ተስማሙ፤ ሊጉ ዛሬ የደረሰበትን ደረጃ ለሚመረምር ሰው ይህ ስምምነት ከብዙ የሜዳ ድሎች የላቀ ግምት ይገባዋል። የመጀመሪያው ድራፍት በፌብሩዋሪ 1936 በፊላደልፊያው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ሲካሄድ የ90 ተጫዋቾች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ 9ኙ ክለቦችም በ9 ዙር 81 ተጫዋቾችን መረጡ። 2 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 9 የተሸነፈው ኢግልስ በቅድሚያ የመረጠው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲውን ጄይ በርዋንገርን ቢሆንም፣ በርዋንገር አንድም ቀን ለሙያተኛ ቡድን ሳይጫወት ቀርቷል።

ከ1947 እስከ 1958 ድረስ ሊጉ የመጀመሪያውን ምርጫ በዕጣ ይሰጥ ነበር፤ ዕጣ የወጣለት ክለብ ከሚቀጥሉት ዕጣዎች ስለሚወጣ በ12 ዓመታት ውስጥ 12ቱም ክለቦች አንድ አንድ ጊዜ ደርሷቸዋል። ዕጣ ጥንካሬና ድክመትን አይለይምና የ1948 ሻምፒዮን የነበረው ኢግልስ በ1949 ከሁሉም ቀድሞ ቸክ ቤድናሪክን መረጠ፤ ቤድናሪክም ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

የእኩልነት ጉዳይ በጉልህ የታየው ግን በ1970 ነው። በ1969 የውድድር ዘመን ፒትስበርግ ስቲለርስና ቺካጎ ቤርስ እያንዳንዳቸው 1 ጨዋታ አሸንፈው 13 ተሸነፉ፤ የቤርስ ብቸኛ ድልም የተገኘው 38 ለ 7 በሆነ ውጤት በዚያው በስቲለርስ ላይ ነበር። የእርስ በርስ ውጤቱ ማን ይበልጥ ደካማ እንደነበር የሚናገር ቢሆንም፣ ጉዳዩ የተወሰነው በጃንዋሪ ወር በኒው ኦርሊየንስ በተጣለ የ1921 የብር ዶላር ነው። የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል ሳንቲሙን ወደ ላይ ሲወረውር የቤርሱ ተወካይ ኤድ ማካስኪ የሴት ራስ ያለበትን ገጽ መረጠ፤ ሳንቲሙ ግን ንስሩን ወደ ላይ አድርጎ አረፈ። ስቲለርስ ባገኘው ቅድሚያ ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች የሆነውን ቴሪ ብራድሾን ወሰደ፤ ከእርሱም ጋር 4 ጊዜ የሱፐር ቦውል ባለድል ሆነ። ቤርስ በበኩሉ ሁለተኛውን ምርጫ ለግሪን ቤይ ፓከርስ አሳልፎ ሰጠ።

ዛሬ ሳንቲሙ የመጨረሻ መፍትሔ ሆኖ፣ ቅድሚያውን የያዘው የመርሐ ግብር ጥንካሬ የሚባለው መስፈርት ነው። ይህም አንድ ቡድን የገጠማቸው ተጋጣሚዎች ሁሉ በዘመኑ ያስመዘገቡት ድልና ሽንፈት ተደምሮ የሚገኝ የአሸናፊነት መጠን ሲሆን፣ በቁጥሩ ዝቅ ያለው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ምክንያቱም ከሌላው ደከም ካሉ ተጋጣሚዎች ጋር ተጫውቶ እኩል የተሸነፈ ቡድን እርሱ ራሱ ይበልጥ ደካማ ነው ተብሎ ይታሰባል። በ2024 የውድድር ዘመን ቴኔሲ ታይታንስ፣ ክሊቭላንድ ብራውንስና ኒው ዮርክ ጃየንትስ ሦስቱም 3 አሸንፈው 14 ሲሸነፉ፣ 17ቱ ተጋጣሚዎች በየ17 ጨዋታቸው ያስመዘገቡት ውጤት፣ በጠቅላላው 289፣ ተቆጠረ፤ መጠኑም ለታይታንስ 0.522፣ ለብራውንስ 0.536፣ ለጃየንትስ 0.554 ሆነ። በታይታንስና በብራውንስ መካከል የነበረው ልዩነት ከ289ኙ የ4 ድል ብቻ ነበር።

የመስፈርቱ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። የሁለት ቡድኖች ተራ የሚወሰነው ሁለቱም ባልተገኙባቸው ሜዳዎች፣ ሌሎች ሰዎች ባሸነፏቸውና በተሸነፏቸው ጨዋታዎች ነው፤ መርሐ ግብሩንም የሚያወጣው ሊጉ እንጂ ቡድኖቹ አይደሉም። ስሌቱ እንኳ ተራውን መለየት የሚያቅተው ጊዜ አለ፤ በ2017 የውድድር ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስና ኦክላንድ ሬደርስ 6 አሸንፈው 10 ከመሸነፋቸው በላይ የመርሐ ግብር ጥንካሬያቸው ጭምር እኩል 0.512 ሆኖ ስለተገኘ፣ በ2018 በኢንዲያናፖሊስ ሳንቲም ተጥሎ 9ኛው ምርጫ ለፎርቲናይነርስ ደረሰ።

ይህን ጉድለት የሚያለዝብ፣ በብዙዎች ዘንድ ግን ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ሌላ ደንብ አለ። እኩል የሆኑ ቡድኖች በመጀመሪያው ዙር በመስፈርቱ ከተለዩ በኋላ በየዙሩ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ፊተኛው ወደ መጨረሻ ይወርዳል፣ ሌሎቹም አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። ሊጉ በጥቂት ጨዋታዎች ልዩነት የተገኘ ቅድሚያ እስከ ድራፍቱ ፍጻሜ ሊጸና እንደማይገባው በደንቡ መቀበሉ፣ ከስሌቱ ሁሉ ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ ነው። በዚሁ መሠረት በ2025 ድራፍት የሦስቱ ቡድኖች ተራ በመጀመሪያው ዙር ታይታንስ፣ ብራውንስ፣ ጃየንትስ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር 33ኛው ተራ ለብራውንስ፣ 34ኛው ለጃየንትስ፣ 35ኛው ለታይታንስ ተመደበ፤ በሦስተኛው ዙርም 65ኛውን ይዞ የቀደመው በመጀመሪያው ዙር ከሦስቱ ኋለኛ የነበረው ጃየንትስ ነው።