ከወጨጫ ጀርባ ያለው ታሪክ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚጓዝ ሰው ዓለም ገናን ሲያልፍ በስተቀኙ አንድ ሰፊ ተራራ ያያል። ከቡራዩ ወደ አምቦ የሚያመራውም ይህንኑ ተራራ በግራው ያገኘዋል። ወጨጫ ነው። ከፍታው ከ3,300 ሜትር የሚበልጥ፣ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ። ሆኖም በየዕለቱ የሚመላለሰው መንገደኛ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ታሪፍ እንጂ ስለ ተራራው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

በእርግጥ መንገደኛውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የወጨጫ ትልቁ ሀብት፣ የመናገሻ ሱባ ደን፣ ያለው ለአዲስ አበባ ጀርባውን በሰጠው በምዕራቡ ተዳፋት ላይ ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው እዚያ ነው፤ ጉሬዛውና የምኒልክ ድኩላ የሚባለውም የሚኖሩት እዚያው ነው።

ለመሆኑ ይህ ደን ከከተማው አፍንጫ ሥር እንዴት ተረፈ? ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያገኙት፣ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት። ከአራት መቶ ዓመታት በኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ አደረጉ።

የአዲስ አበባ ዕጣ ግን ሌላ ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ በዙሪያዋ ያለውን እንጨት ቆርጣ በመጨረሷ፣ በ1890ዎቹ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሷል። ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የወጨጫ ጥድ ግን ተካይና ጠባቂ ስለነበረው ቆየ። እርሱም ቢሆን ከጉዳት አላመለጠም፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የእንጨት መሰንጠቂያ ገብቶበት ብዙው ተቆርጧል።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ታሪክ ሲባል ሐውልትና ቤተ መንግሥት ይታየናል እንጂ ደን የሰው እጅ ሥራ መሆኑ አይታሰበንም። ድንጋይ ለዘመናት ቢረሳም ቆሞ ይጠብቃል። ደን ግን አንድ ትውልድ ከተዘናጋበት ያልቃል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ተዋሕደዋል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ፋብሪካውና ስለ መንገዱ ብዙ ሲነገር እንሰማለን። የከተማው ዳርቻ ወደ ተራራው በተጠጋ ቁጥር፣ ሁለት ነገሥታት ያሰቡለትን ደን ዛሬ የሚያስብለት ማነው?