አሳንሰሩና የተቃጠለው ዝርዝር

ሆስፒታል ውስጥ አሳንሰር የሚጠብቅ ሰው ስለ ታሪክ አያስብም፤ አልጋ ላይ የተኛውን ዘመዱን እያየ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል እንጂ። እኛ ደግሞ ሥራ ፈትተን ይህ ሣጥን እንዴት ተቆጣጣሪ እንደመጣበት ልናይ ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ ኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ በገመድ ከተንጠለጠለ መድረክ ላይ ወጥቶ ገመዱን አስቆረጠ። መድረኩ ትንሽ ወርዶ ቀጥ አለ። ዕቃ ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽንማ ቀድሞም ነበር፤ ጉድ ያሰኘው አለመውደቁ ነው። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የአሳንሰር ደህንነት ደንብ ያሳተመው ግን በ1921 ነው። 67 ዓመት!

ሆስፒታሎቹን መመርመርም የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ያኔ ስለ አሳንሰር የጠየቀ ባይኖርም። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ፈትሾ መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። ከወደቁት ውስጥ ስመ ጥሩዎቹም ነበሩበት። ታዲያ በ1919 ዝርዝሩ ጋዜጠኞች እጅ ሳይገባ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ውስጥ ምድጃ ገባ። ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይህቺ እሳት እስከዛሬ ታንገበግባለች።

ምርመራውን በ1951 የተመሠረተው ጆይንት ኮሚሽን ወረሰ። አሳንሰሩን ሌላ እሳት ጠበቀው። በ1970 ዋን ኒውዮርክ ፕላዛ በተባለው ሕንፃ ቃጠሎ ሲነሳ፣ አንድ አሳንሰር ሄዶ እሳቱ ያለበት ፎቅ ላይ ቆመ። ውስጡ የነበሩ 2 ሰዎች ሞቱ። በ1970ዎቹ ደንቡ ተለወጠ፤ ጭስ ሲሸተው አሳንሰሩ የተጠራበትን ሁሉ ትቶ ወደተወሰነለት ፎቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት፣ ይሄዳል፤ በሩን ከፍቶ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚያዘው ቁልፍ የያዘ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ሁለቱ ታሪኮች ዛሬ አንድ መዝገብ ላይ ተገናኝተዋል። ሆስፒታሉ ይህንን ሥርዓት በየወሩ ሞክሮ ይጽፋል፣ መርማሪው መዝገቡን አገላብጦ ያያል። ድሮ ቀኑ ቀድሞ ስለሚነገር ሽር ጉዱ የዋዜማ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ግን ጆይንት ኮሚሽን ሳይናገር ከች ይላል። የመጋቢት ገጽ ባዶ ከሆነ ሚያዝያ ላይ ሁለቴ መሞከር አይሞላውም፤ በመጋቢት እሳት ቢነሳ ኖሮ አሳንሰሩ የት ይቆም እንደነበር የሚያውቅ የለማ።