ቱቱ፦ የባሌት ቀሚስ ከየት መጣ?

ባለፈው ሰኔ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለዓመቱ መዝጊያ በዓል 16 ትንንሽ የባሌት ቀሚሶች እንድንሰፋለት አዘዘን። ከስፌት ክፍላችን ቬሎ ሰፍታ የማታውቅ የለችምና፣ ምን ያቅተናል ብለን ተቀበልን። ስፌቱ አላቃተንም። የፈጀብን ሰዓት ግን አስደነገጠን። ለአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ወገብ ያን ሁሉ ቱል መሸንሸን፣ ማጠፍ፣ ድርቡን በእጅ መቆንጠር እንዲህ ቀን ይበላል ብለን አላሰብንም። ዋጋውን ስንተምን የጨርቁን ሜትር ቆጥረን የእጃችንን ሰዓት ረስተነዋል።

አንድ ማታ አምፖል ሥር ተቀምጠን ስንሸነሽን ከመካከላችን አንዷ፣ «ለመሆኑ ይህን ቀሚስ መጀመሪያ ያመጣው ማነው?» አለች። መልሱን የምታውቅ አልነበረችም። ስለዚህ ክረምቱን ስናነብና ስንጠያየቅ ከረምን። ያገኘነውን ለእናንተ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሌት ያደገው በነገሥታት ግቢ ነው፤ ልብሱም የቤተ መንግሥት ልብስ ነበር። ሴቶቹ እስከ መሬት የሚደርስ፣ በውስጡ ድጋፍ ያለው ከባድ ቀሚስ ለብሰው ነው የሚጨፍሩት። እግራቸው ምን እንደሚሠራ የሚያይ የለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ማሪ ካማርጎ የምትባል የፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኛ ፈጣን የእግር ሥራዋ እንዲታይላት ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አሳጠረች። ጥቂት ጣት ብቻ ነው ያሳጠረችው፣ ግን ከተማው ሁሉ አወራው። በ1734 ደግሞ ማሪ ሳሌ ለንደን ላይ ድጋፉን አውጥታ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ ተራ የሙስሊን ቀሚስ ለብሳ መድረክ ወጣች። ሁለቱም ለውጡን ያመጡት ዳንሰኞቹ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር የእኛን ሙያ ይነካል። መረብ የመሰለው ስስ ጨርቅ ቀድሞ በሴቶች እጅ፣ በትራስ ላይ በተደረደሩ ቀጫጭን እንጨቶች ክር እየተጠላለፈ፣ በብዙ ድካም የሚሠራ ነበር። በ1809 ጆን ሂዝኮት የተባለ እንግሊዛዊ ይህን መረብ የሚሠራ መኪና የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1816 መኪና ጠላቶቹ ሉዳውያን በሌሊት ላፍቦሮ ወደሚገኘው ፋብሪካው ገብተው ከ50 በላይ መኪኖቹን ሰባበሩ። እሱ ግን ሥራውን ወደ ቲቨርተን ከተማ አዛውሮ ቀጠለ። ጨርቁም ረከሰ፣ በዛ። እኛ ዛሬ ከሱቅ በሜትር የምንገዛው ቱል የዚያ መኪና ዘር ነው።

መጋቢት 12 ቀን 1832 ማሪ ታልዮኒ በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ባሌት ላይ የጫካ መንፈስ ሆና ወጣች። ዳንሱን ያቀናበረላት አባቷ ነው። ልብሷ ነጭ፣ እንደ ደወል የሰፋ፣ እስከ ባቷ አጋማሽ የሚወርድ፣ ብዙ ድርብ ያለው ስስ ቀሚስ ነበር። ንድፉ የሠዓሊው የዤን ላሚ ነው ይባላል። በእግር ጣቷ ጫፍ ላይ ስትቆም፣ ነጩ ቀሚስ በደብዛዛው የጋዝ መብራት ሲታይ፣ ተመልካቹ መሬት አልነካችም አለ። ከዚያ ወዲህ የባሌት ሴት ማለት ነጭ ለባሽ ሆነች።

ግን ያን ውበት የሠራው የጋዝ መብራትና ስስ ጨርቅ አብረው የሚኖሩ ነገሮች አይደሉም።

በ1844 ለንደን ድሩሪ ሌን ቴአትር ውስጥ የክላራ ዌብስተር ቀሚስ በትርኢቱ መካከል የመድረክ መብራት ነካው። አብረዋት የነበሩት ዳንሰኞች የለበሱት ያንኑ ስለሆነ ሊጠጓት አልደፈሩም። ከቀናት በኋላ ሞተች። ፈረንሳይ በ1859 የመድረክ ጨርቅ ሁሉ እሳት እንዳይዘው በኬሚካል እንዲነከር በአዋጅ አስገደደች። ካርተሮን የተባለ ሰው ያወጣው ዘዴም ነበር። ችግሩ፣ የተነከረው ጨርቅ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ መንሳፈፉ ይቀራል። ዳንሰኞቹ አንለብስም አሉ።

ካልለበሱት አንዷ ኤማ ሊቭሪ ናት። ታልዮኒ ራሷ ያሠለጠነቻት፣ በ1860 «ለ ፓፒዮን» (ቢራቢሮው) የተሰኘውን ባሌት ያዘጋጀችላት ልጅ ናት። ሊቭሪ በተለመደው ቀሚሷ እንደምትጨፍርና ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊነቱን ራሷ እንደምትወስድ ጽፋ ፈረመች። ኅዳር 15 ቀን 1862 ልምምድ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ቀሚሷን እንዳይጨማደድ ገለጥ አደረገችው፣ ነፋሱ የጋዙን ነበልባል ሳበው። ስምንት ወር በስቃይ ቆይታ ሐምሌ 26 ቀን 1863 አረፈች። ዕድሜዋ 20 ነበር። ከዚያ ቀሚስ የተረፈው ቁራጭ እስከ ዛሬ በፓሪስ ኦፔራ ሙዚየም ተቀምጧል።

ይህን ስናነብ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ተነግሯት እምቢ አለች፣ ምን ይደረግ» አልን። ሌሎቻችን ግን፣ በመልክና በቅለት ለምትመዘን፣ እንጀራዋ በዚያ ለታሰረ ልጅ የገረጣ ቀሚስ ሰጥቶ «ምረጪ» ማለት ምርጫ ነው ወይ አልን። ያ የፈረመችው ወረቀትም ከሁሉ ይልቅ ቤቱን የጠበቀ ይመስለናል። ክርክሩ አልተቋጨም፤ እናንተም አስቡበት።

ቀሚሱ እየቆየ እያጠረ ሄደ። ከጣሊያን የመጡ ዳንሰኞች አስቸጋሪ እንቅስቃሴ ስለሚሠሩ ጉልበታቸው መታየት ነበረበት። በ1885 ቪርጂኒያ ዙኪ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ረጅሙን አልለብስም ብላ አሳጠረች። በ1890ዎቹ ፒየሪና ሌኛኒ በአንድ እግር ቆማ 32 ጊዜ ስትሽከረከር በረጅም ቀሚስ ቢሆን ማን ያይላት ነበር? ከወገብ ወደ ጎን የተዘረጋው አጭር ቱቱ ከዚህ ዘመን ነው። «ቱቱ» የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳዮች ለሕፃን መቀመጫ ከሚሉት የማባበያ ቃል የመጣ ነው ይላሉ። ይህን የሰማን ቀን መርፌ መያዝ እስኪያቅተን ስቀናል።

ዳንሰኞቹ የማን ልጆች እንደነበሩም መነገር አለበት። ኤድጋር ደጋ በ1881 ያሳየው ከሰም የተሠራ ቅርጽ፣ እውነተኛ የጨርቅ ቀሚስ የለበሰች የ14 ዓመት ልጅ ናት። ሞዴል የሆነችው ማሪ ቫን ጎተም እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። የኦፔራው ትንንሽ ዳንሰኞች ብዙዎቹ እንዲህ ካለ ቤት የመጡ ናቸው። ቋሚ ወንበር የገዙ ሀብታም ወንዶች ከመድረኩ ጀርባ ገብተው እነዚህን ልጆች ማየት ይፈቀድላቸው ነበር። ቀሪውን መጻፍ አያስፈልገንም። ማሪ በማግሥቱ ዓመት ከኦፔራው ተባረረች። የነሐስ ቅጂዎቿ ግን ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ቆመዋል፤ ቀሚሳቸው ባረጀ ጊዜም አዲስ ይሰፋላቸዋል።

ከሁሉ የወደድናት ግን የልብስ ሰፊዋ ናት። ባርባራ ካሪንስካ በ1886 ካርኪቭ ተወለደች፤ ጥልፍ ታውቅ ነበር፤ ከሶቭየት አገር ወጥታ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በኋላም በኒው ዮርክ ሰፋች። በዚያ ዘመን ቱቱን ዘርግቶ የሚይዘው ሽቦ ነበር። ዳንሰኞች ሲጠጋጉ የአንዷ ቀሚስ የሌላዋን ገፍቶ ወደ ላይ ያቆመዋል። ካሪንስካ በ1950 ለባላንሺን ባሌት ሽቦውን አወጣችው፤ ስድስት ሰባት ድርብ መረብ፣ ርዝመቱ የተለያየ፣ እርስ በርሱ ላላ ብሎ በክር የተያያዘ አድርጋ እንደ ዱቄት መቀቢያ ለስላሳ ቱቱ ሠራች። የላይኛውንም ክፍል ጨርቁን በሰያፍ እየቆረጠች ሰፋችው፤ እንዲህ ሲሆን ዳንሰኛዋ ስትተነፍስ አብሮ ይሳባል። «ጆን ኦፍ አርክ» ለተባለው ፊልም ልብስ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ኦስካር ተሸልማለች።

በ1969 የተመሠረተው የሐርለም ዳንስ ቴአትር ደግሞ ከቱቱው ሥር የሚለበሰው ስቶኪንግና ጫማ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዷን ጥቁር ዳንሰኛ የቆዳ ቀለም እንዲመስል አስደረገ። ሮዝ የማን ቆዳ ቀለም እንደነበር እስከዚያ የጠየቀ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሰኔው በዓል እንመለስ። ልጆቹ የገቡት የበራ ሻማ ይዘው ነበር። እኛ ከአዳራሹ ጀርባ ቆመን እልል አልን እንጂ ሌላ አላሰብንም። የኛ ቱል ናይለን ነው፤ እሳት ሲነካው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የሊቭሪን ታሪክ ያነበብን ቀን ዝም ብለን ቆየን፤ ከእናቶቹ አንዷ የኛው አባል ነበረችና አለቀሰች።

ከነሐሴ ጀምሮ በምንሰፋው እያንዳንዱ የቱል ልብስ ወገብ ውስጥ «ከእሳት ይራቅ» የሚል ጥልፍ እናስገባለን። ለመስከረም 20 ቱቱ የጠየቀ ሌላ ደንበኛም መጥቷል። በዚህኛው ዋጋ ላይ የጨርቁን ሜትርና የእጃችንን ሰዓት ለየብቻ ጽፈን ሰጠነው። መልሱን እየጠበቅን ነው።