«ሲስተም የለም»

ወሎ ሰፈር ካለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሃያ ያህል ሰዎች ተኮልኩለን ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» አለችን። የተቆጣ ሰው አልነበረም። ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። ሁሉም እንደ ዝናብ ማባራት ይጠባበቅ ጀመር። በድሮ ጊዜ ባለጉዳይ የሚመለሰው «ኃላፊው የሉም»፣ «ፋይሉ አልተገኘም» እየተባለ ነበር። ኃላፊን ደጅ መጥናት ይቻላል፣ አማላጅ መላክም፣ መክሰስም ይቻላል። ሲስተምን ግን በማን በኩል ይለማመጡታል?

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? የአንድ አገር ሕዝብ በኢንተርኔት ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ የሚታወቀው በደንበኞች ብዛት ነው የሚሉ አሉ። ለዚህ ጸሐፊ ግን የተሻለው መለኪያ መስመሩ የተቋረጠባቸው ቀኖች ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ የመቋረጥ ታሪክ ከበቂ በላይ አለ። (ዓመታቱ ሁሉ በራሳችን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በጥር 1989 ነው። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ አጋማሽ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል መልእክት አጠራቅሞ በስልክ መስመር የሚልክ የኢሜይል አገልግሎት ነበር፤ የሚያውቁት ግን ጥቂት ምሁራንና የድርጅት ሠራተኞች ናቸው። በ1989 አገሪቱን ከውጭው ዓለም ያገናኘው መስመር አቅሙ በሴኮንድ 256 ኪሎ ቢት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የጎረምሳ ስልክ ብቻውን ከዚያ በላይ ይጠጣል። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ሳምንት ሙሉ ቢጠፋ የቦሌ መንገድ ነዋሪ ወሬውን እንኳ ላይሰማ ይችል ነበር።

ተራውን ሰው መጀመሪያ ያስገደደው፣ እንደ እኔ ግምት፣ የአሜሪካ ዲቪ ነው። እስከዚያ ድረስ ማመልከቻው በፖስታ ይላክ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ግን በኢንተርኔት ካልሆነ አይቀበሉም ተባለ። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሁሉ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ሰሌዳ ወደተለጠፈበት ኢንተርኔት ቤት ጎረፈ። ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ኢንተርኔትን ያገዘበት ጊዜ አልነበረም፤ ወረቀቱ ራሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ቀጥሎ የመጣው መቋረጥ በርግጥ የኢንተርኔት አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሞባይል የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ የተመለሰውም ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በሚሌኒየሙ መባቻ ነው። ያጣነው ምን ነበር? የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት፣ የቀጠሮና የፍቅር ወሬ። ቅር ብሎናል፤ እንጀራ ግን አልጎደለብንም። በ2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ተሰረዘ፤ በማግስቱ ዓመት በግንቦት ፈተናው እንዳይሰረቅ ተብሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ይኸው ፈተና በሐምሌ 2016 ለተወሰኑት ተማሪዎች በኢንተርኔት ተሰጠ። ሌባ ይገባበታል ተብሎ የተዘጋው በር ዋናው መግቢያ ሆነ ማለት ነው።

ሰኔ 2012 ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ዓመቱ የኮቪድ ዓመት ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው የከተማ ልጆች የቤት ሥራ በቴሌግራም የሚቀበሉበት። በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጠሩ የታክሲ ነጂዎች፣ ከውጭ ደንበኛ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች፣ የጉዞ ወኪሎች ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጨዋታ ብቻ አልተቋረጠም፤ ገቢም ተቋረጠ። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። በኋላ ባንኩም አብሮ ሲዘጋ፣ በደብተሩ ገንዘብ ያለው ሰው ለልጁ ዳቦ መግዣ አጣ።

ከዚያም የወሎ ተራ መጣ። ወሎ ሰፈር ስሙን የወሰደው ከወሎ ነው፤ ዛሬም ዘመዱ እዚያ ያለ ብዙ ነው። ከወሎ ገጠር ደግሞ ስንትና ስንት ልጅ ዓረብ አገር ሄዷል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ኢሞ የሚባለውን መተግበሪያ በምልክቱ ለይተው፣ ጅዳና ሪያድ ያለች ልጃቸውን ፊት ለፊት እያዩ ማነጋገር ለምደው ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

በዚያ ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ስልክ ይዛ በረንዳዋ ላይ ትቀመጥ ነበር። በአንደኛው እህቷ ከጅዳ በኢሞ፣ በሌላው እናቷ ከወሎ በተራ ጥሪ። የድምፅ ስልኩ በሚሠራበት ቀን ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ ታገጥማቸዋለች።

«እማ፣ ትሰሚያለሽ? እኔ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ከሳሽ እንዴ? ፊትሽን አሳዪኝ እንጂ!»

ጎረቤቴ በመሐል ገብታ «እማ፣ አልከሳችም፤ እኔ እያየኋት ነው» ትላለች። ከብዙ ዓመት በፊት ያቺ እናት ልጇን በደብዳቤና በመንገደኛ ወሬ ጠብቃ ታድር ነበር፤ ፊትሽን አሳዪኝም አትልም ነበር። ፊት ማየትን ከለመደች በኋላ ግን ድምፅ ብቻ አልበቃ አላት።

አዲስ አበባ የምንኖረው በዚያ ወቅት ሌላ ነገር እየለመድን ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀመረ፤ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ደግሞ በከተማችን የነዳጅ ክፍያ በእጅ ገንዘብ መሆኑ ቀረ። እንደ ዲቪው ማለት ነው፤ አዲሱ መንገድ ሲከፈት አሮጌው ይታጠራል። ቅልጥፍናውን አልክድም፤ የብር እስር ተሸክሞ ከመሰለፍ ያድናል። የማልወደው ማደያ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ መቶ ብር ኪሱ ያለ ሰው ገንዘብ እንደሌለው መቆጠሩን ነው።

የዚያን ሰኞ ባንኩ ሲስተም አልመጣለትም። ወደ ቤቴ ስመለስ ዘይትና ስኳር ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ስልኬም አልሠራም። ባለሱቁ ሳቅ ብሎ «ችግር የለም ጋሼ፣ ዱቤ እይዛለሁ» አለና ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ደብተር አወጣ። የመጨረሻው ዱቤ የተጻፈው በ2014 ነበር። እስክሪብቶ ፈለገ፣ መሳቢያውን ገለበጠ፣ አጣ። እኔም ኪሴን ዳበስኩ፤ አልነበረኝም።