ጠርሙሱ ይመለሳል፣ ቆርኪው ይቀራል

አንድ ቢራ ከፍላችሁ ጠጣችሁ እንበል። ከገዛችሁት ነገር ውስጥ የእናንተ ሆኖ የሚቀረው የቱ ነው? ፈሳሹ መውጫውን ያውቃል። ጠርሙሱ የእናንተ አይደለም፤ አስተናጋጁ ሰብስቦ ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል፣ ሳጥኑ ወደ አከፋፋዩ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካው። ከሱቅ ገዝታችሁ ወደ ቤት ልትወስዱ ብትሉ እንኳ ባለሱቁ «ባዶ ጠርሙስ አላችሁ?» ይላል፤ ከሌላችሁ ታስይዛላችሁ። በላዩ የተለጠፈው ወረቀትም ከጠርሙሱ ጋር ይሄድና ፋብሪካ ሲደርስ ታጥቦ ይነሳል። የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መክፈቻው አጣሞ መሬት ላይ የጣለው ቆርኪ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዛሬ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ባዶው ግድግዳ የደበረው ሰው፣ በትንሽ ብር የሚሠራ ዲኮር ፍለጋ ስልኩን ሲከፍት መዓት የቢራ ነገር ይመጣለታል፤ አንገቱ ተቆርጦ ብርጭቆ የሆነ ጠርሙስ፣ ውስጡ መብራት የገባበት ጠርሙስ፣ መደርደሪያ የሆነ ሳጥን፣ ላዩ በቆርኪ የተሸፈነ ጠረጴዛ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚመጡት ጠርሙስ አንዴ ተጠጥቶ ከሚጣልበት አገር ነው። እኛ ጋ ግን ጠርሙስና ሳጥን ቆሻሻ አይደሉም፣ ገና ሥራ ላይ ያሉ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ የኛ ቤት የቢራ ዲኮር ታሪክ፣ በእኔ እይታ፣ የቆርኪ ታሪክ ነው።

ቆርኪን የፈለሰፈው የአሜሪካዋ ባልቲሞር ነዋሪ የነበረው ዊልያም ፔይንተር ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ከዚያ በፊት ጋዝ ያለው መጠጥ በቡሽና በሽቦ፣ ወይም በሸክላ ክዳንና በላስቲክ ይዘጋ ነበር። ጋዙ ያመልጣል፣ ተመላልሶ የሚሠራው ክዳንም በደንብ ካልታጠበ መጠጡን ያበላሻል። የፔይንተር መልስ ከስስ ብረት የተቆረጠ ክብ ነበር፤ ጠርዙ 24 ጥርስ ሆኖ የታጠፈ፣ ከውስጡ ስስ የቡሽ ንጣፍ የተደረገበት። የዛሬው ቆርኪ ጥርሱ 21 ነው (ካላመናችሁ ቁጠሩት)፤ ቡሹም በፕላስቲክ ተተክቷል። ቆርኪ የሚለው ስማችን ግን ያንን «ኮርክ» የተባለ ቡሽ ለጆሮዬ እስከ ዛሬ ያስተጋባል።

ዋናው ብልሃት ጥርሱ አልነበረም፤ ርካሽነቱ ነበር። ማንም ሰው ሰብስቦ ለመመለስ የማይደክምለት ክዳን፤ አንዴ ይከፈታል፣ ይጣላል፣ ፋብሪካው ሌላ ይገዛል። በፔይንተር ኩባንያ ውስጥ ኪንግ ጊሌት የሚባል ሻጭ ነበር። አንተም እንዲህ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉት ነገር ፍጠር ብሎ የመከረው ፔይንተር ነው ይባላል። ጊሌት በኋላ ምን እንደሠራ ታውቃላችሁ፤ አንዴ ሲደንዝ የሚጣለውን ምላጭ። የተጠቅሞ መጣል ዘመን አንዱ አባት ይህ በእግራችን የምንረግጠው ክብ ቆርቆሮ ነው ማለት ነው። በዚያው በ1892 በጀርመኗ ድሬስደን ሮበርት ስፑት የተባለ ሰው ከእንጨት ጭቃ የሚሠራውን የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ የፈጠራ መብት ወሰደ። ያም እንዲሁ ርካሽ፣ ያም እንዲሁ ተጣይ፤ ዛሬ ደግሞ ሰዎች እየሰበሰቡ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት።

አዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የመጀመሪያውን ቢራ ፋብሪካዋን፣ ያገኘችው ከዚያ 30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ቢራ በዚያ ዓመት ተጀመረ ማለት ግን አይደለም፤ ጌሾና ብቅል እዚህ አገር ከፋብሪካ በፊት ነበሩ። ምልክትም ነበረው። ጠላ የሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ይተከልና ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ጽሑፍ የለ፣ ሥዕል የለ። የተደፋ ዕቃ ነው፣ ነገር ግን ውስጥ ሙሉ አለ ይላል። የቢራ ዲኮር የሚባል ነገር ካለ የኛው የመጀመሪያው ይህ ይመስለኛል፤ ደግሞም የተሠራው ከተጣለ ዕቃ ነው።

ፋብሪካው ጠርሙሱን ሲመልስ ቆርኪውን ለሰፈሩ ተወለት። ፔይንተር እንዲጣል ያሰበው ነገር እዚህ ሳይጣል ቀረ። ዳማ ተጫዋቾች ጠጠር አድርገውታል፤ አንዱ ቆርኪውን በጀርባው፣ ሌላው በሆዱ አድርጎ ይሰለፋል፣ ማን የማን እንደሆነ አይምታታም። ልጆች በድንጋይ ጠፍጥፈው፣ መሀሉን በምስማር ሁለት ቦታ በስተው፣ ክር ያስገቡበትና እያሽከረከሩ ያስጮኹታል። ከሽቦ በተሠራ መኪና ላይ ጎማ ሆኗል። ሸራ ወይም ላስቲክ የሚመታ ሰው ደግሞ ከምስማሩ ጭንቅላት ሥር ቆርኪ ያደርጋል፤ ነፋስ ሲመጣ ምስማሩ ሸራውን ቀድዶ እንዳያልፍ። ይህ የመጨረሻው የማንም ዲኮር አይደለም፣ ግን በመደዳ የተመታ ሲሆን፣ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ እንደ ጥልፍ ጠርዝ ያብረቀርቃል። ውበት ታስቦበት አይደለም፤ ያምራል ግን።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ፤ ስለ እሱ የሚነገር አንድ ጥሩ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 አልፍሬድ ሄኒከን የቢራ ንግዱን ሊጎበኝ ካሪቢያን ውስጥ ወዳለችው ኩራሳው ደሴት ሄደ። በአገሩ በሆላንድ ጠርሙሱ እየታጠበ ደጋግሞ ይሞላል። ውቅያኖስ ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ግን ማን ይመልሰው? የባሕሩ ዳርቻ በራሱ ስም በተጻፈባቸው ባዶ ጠርሙሶች ተሞልቶ አየ። ድሆቹ ደግሞ ቤት መሥሪያ የላቸውም። ሁለቱን አገናኘና ጆን ሃብራከን የተባለ አርኪቴክት ጠራ፤ ተጠጥቶ ሲያልቅ ጡብ የሚሆን ጠርሙስ ሥራልኝ አለው። አራት ማዕዘን ያለው፣ አንዱ በሌላው የሚጋጠም ጠርሙስ ተሠራ፤ በ1963 ወደ 100,000 የሚጠጋ ተመረተ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ኖርድዋይክ በሚገኘው የሄኒከን ግቢ አንዲት ትንሽ ቤት ተሠራችበት፣ በቃ።

ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ጡቡ አይደለም። ጠርሙስ ዲኮርም ሆነ ግንብ የሚሆነው መመለሻ መንገዱ ሲቋረጥ ነው። ታይላንድ ውስጥ በሲሳኬት አውራጃ ከ1984 ጀምሮ መነኮሳት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቢራ ጠርሙስ ሰብስበው ቤተ መቅደስ ሠርተዋል፤ በቆርኪውም ሥዕል አስጊጠውበታል። እሰየው፤ እዚያ ጠርሙሱ የተጣለ ነበር። ሄኒከን በ2011 የሐረርና የበደሌ ፋብሪካዎችን ሲገዛ የመጣው ግን መንገዱ ገና ወዳልተቋረጠበት አገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተመላሽ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ «ሪሳይክል አደረግሁት» የሚል ሰው፣ ገና ብዙ ጊዜ ሊሞላ የሚችል ዕቃ ከዙሩ አወጣ እንጂ ከቆሻሻ አላዳነም። መብራት የሚሆን ጠርሙስ የምትፈልጉ ቆራሌውን ጠይቁ፤ የማይመለስ የውስኪና የወይን ጠርሙስ አይጠፋም።

ከተጣለ ክዳን ምን ሊሠራ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ኤል አናትሱይን ይመልከት። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ውስጥ የኖረ ቀራጺ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በማዳበሪያ የታጨቀ የአረቄ ጠርሙስ ክዳን ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘ። ክዳኑን እየጠፈጠፈና እያጠፈ በመዳብ ሽቦ ሰፋው፤ ግድግዳ የሚያክል፣ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ነገር ሆነ። ሥራዎቹ የብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል፣ በ2023 ደግሞ የለንደኑን ቴት ሞደርን ሰፊ አዳራሽ ሞልተዋል። እሱ ለክዳኑ የሚሰጠው ትርጉም ከውበት ይሻገራል፤ አረቄ አውሮፓውያን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይዘውት የመጡት፣ ከባሪያ ንግድ ጋር የተሳሰረ ሸቀጥ ነው። ከርቀት የነገሥታት ካባ ይመስላል፣ ሲጠጉት የመጠጥ ቤት ጥራጊ ነው።

የኛ ቆርኪም የራሱን ነገር ይዞ ይመጣል፤ የፋብሪካ ስም አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ሁለት መቶ ቆርኪ ደርድሮ የሰቀለ ተከራይ እንግዲህ፣ ሳይከፈለው፣ ቤቱ ውስጥ ማስታወቂያ ሰቅሏል ማለት ነው። ለአንዳንዱ ይህ ግድ አይሰጠውም። ለእማማ ግን ይሰጣቸዋል፤ በተለይ በአንዱ ግድግዳ ሥዕለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰቅሎ በሌላው የቢራው ጊዮርጊስ ከተደረደረ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። መፍትሔው ከዳማ ተጫዋቾቹ ዘንድ አለ፤ ገልብጡት። የቆርኪው ሆድ ስም የለውም፤ ጥርሱ ወደ እናንተ ሲዞር ጥላ ይይዛል፣ ከፊቱ ይልቅ ያምራል።

ለአሠራሩ ብዙ አያስፈልግም። ያልተጣመመ ቆርኪ ከፈለጋችሁ አስተናጋጁን ከመክፈቻው ሥር ሳንቲም አድርጎ ቀስ ብሎ እንዲከፍት ለምኑት፤ ይስቅባችኋል፣ ግን ያደርገዋል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ምስማር ሲመታበት ይፈረፈራል፣ አከራይም አይወድም፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሳይሆን አንድ ስስ ላሜራ ላይ ሥሩና በአንድ ምስማር ስቀሉት። ቆርኪ፣ ከአናትሱይ አሉሚኒየም በተለየ፣ ብረት ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል። ላሜራው ላይ 64 ቤት አስምሩ፣ በ24 ቆርኪ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ማግኔት በማጣበቂያ አስቀምጡ። ማግኔቱ ወደ ላሜራው ስለሚዞር እዚህ መገልበጥ አይቻልም፤ ጀርባቸውን አሥራ ሁለቱን አንድ ቀለም፣ የቀሩትን ሌላ ቀለም ቀቡ፣ ስሙም አብሮ ይሸፈናል። ዳማው ግድግዳ ላይ ቆሞ ይጫወታል፤ ጨዋታው ካላለቀም ማንም ሳይነካው እስከ ነገ ማታ እንደተሰቀለ ይቆያል።